ላልተቆረጠ ዛፍ የተሠራ ሚዛን

ንግድ ባለበት አገር ሁሉ ሚዛን አለ፤ ሚዛን ባለበትም ሁሉ የሚዛኑን ትክክለኛነት የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። እህል ሻጭ ቁናውን አጉድሎ እንዳይሰፍር፣ ቡና ነጋዴ ጠጠር እንዳይቀላቅል፣ ወርቅ አንጥረኛ መዳብ እንዳይጨምር መንግሥታት ከጥንት ጀምሮ ደንብ ሲያወጡ፣ ቅጣትም ሲወስኑ ኖረዋል። በእነዚህ ሁሉ ግን የሚሸጠው ነገር በዓይን ይታያል፤ በእጅም ይዳሰሳል። ገዢው የተጠራጠረ እንደ ሆነ ከረጢቱን ፈትቶ ያያል። ከአርባ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ግን ፈትተው ሊያዩት የማይቻል አንድ ሸቀጥ በዓለም ገበያ ላይ ወጥቷል። ይኸውም የካርቦን ክሬዲት የሚባለው ነው።

የዚህ ሸቀጥ መለኪያ ቶን ነው። አንድ ክሬዲት ማለት ወደ አየር ሊወጣ ሲል የቀረ፥ ወይም ከአየር ተስቦ በዛፍና በአፈር ውስጥ የተከማቸ አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ኩባንያ የራሱን ጢስ ማስቀረት ባልቻለ ወይም ባልፈለገ ጊዜ፥ በሌላ አገር ያለ ሰው እንዲያስቀርለት ገንዘብ ይከፍላል፤ በምትኩም ተራ ቁጥር የተሰጠው የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ሕግ አስገድዶት የሚገዛ አለ፤ ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ የሚገዛም አለ። እኛ የምንመለከተው በተለይ በፈቃድ ለሚካሄደው ገበያ ሚዛን የሆኑትን ደንቦች ታሪክ ነው። ሁለቱ ገበያዎች ግን እንደ መንታ ልጆች አብረው ያደጉ ስለ ሆነ፥ ስለ አንዱ ሲነገር ሌላው መነሣቱ አይቀርም። ዓመታቱ ሁሉ የሚጠቀሱት በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

የነገሩ መጀመሪያ በ1988 ዓመት ገደማ ነው። ኤ. ኢ. ኤስ. የተባለ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በኮኔቲከት ግዛት በድንጋይ ከሰል የሚሠራ፥ ኀይሉ 180 ሜጋዋት የሚያህል ማመንጫ ሊያቆም ተነሣ። የኩባንያው መሪ ሮጀር ሳንት ማመንጫው በዕድሜው ሙሉ የሚያወጣው ጢስ አሳሰበው፤ በዋሽንግተን የሚገኘውን የዓለም ሀብት ጥናት ተቋምም ምክር ጠየቀ። ተቋሙ ልዩ ልዩ ሐሳቦችን ከመረመረ በኋላ፥ ኬር የተባለው የርዳታ ድርጅት በጓቴማላ ያቀረበውን የዛፍ ተከላ ሥራ መረጠለት። ኩባንያው 2 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ወደ 40,000 የሚጠጉ ገበሬዎችም በአሥር ዓመት ውስጥ 52 ሚሊዮን ዛፎች ይተክላሉ ተባለ።

ይህን ስምምነት ልብ ብለን ብንመለከተው፥ ሐሳብና ገንዘብ እንጂ ሚዛን አልነበረበትም። ዛፎቹ ስንት ቶን ካርቦን እንደሚይዙ የገመቱት ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው፤ ግምቱን የሚመረምር ሕግም ዳኛም ገና አልተፈጠረም። ኬር ደግሞ ከዚያ በፊትም በጓቴማላ ዛፍ ያስተክል ስለ ነበረ፥ የኩባንያው ገንዘብ ባይመጣ ኖሮ ከዛፎቹ ስንቱ ሳይተከል ይቀር ነበር የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። በ1999 የተደረገው ግምገማ ሥራው ከታሰበው ግብ እጅግ ወደ ኋላ መቅረቱን ገለጸ። ቢሆንም በጎ ሐሳብ የነበራቸውን እነዚህን ሰዎች ለመውቀስ አንቸኩልም፤ መንገድ በሌለበት የመጀመሪያውን እርምጃ የሚራመድ ሰው መሰናከሉ የታወቀ ነው።

ደንብ መጻፍ የተጀመረው ከኪዮቶ ውል በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1997 በጃፓን ከተማ በኪዮቶ የተደረሰው ይህ ውል የበለጸጉት አገሮች ጢሳቸውን እንዲቀንሱ ግዴታ ከጣለባቸው በኋላ፥ የግዴታቸውን ከፊል በድኾች አገሮች በሚሠራ ሥራ እንዲፈጽሙ ፈቀደላቸው። ዘዴውም የንጹሕ ልማት ዘዴ ተባለ። ዝርዝሩ በ2001 በማራከሽ በተደረገው ጉባኤ ተወሰነ፤ ከዚያ በኋላ በተጻፉት ደንቦች ሁሉ ውስጥ የሚመላለሱት ሁለት ቃላትም በዚሁ ሥርዓት ሥር ሰደዱ። አንደኛው መነሻ፥ ሁለተኛው ተጨማሪነት ነው።

መነሻ ማለት ሥራው ባይሠራ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ የሚገልጽ የተጻፈ ግምት ነው። ተጨማሪነት ማለት ደግሞ ሥራው የክሬዲቱ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ አይሠራም ነበር የሚል ማረጋገጫ ነው። ለምሳሌ አንድ ገበሬ ማሳው እንዳይታጠብበት ብሎ በራሱ ወጪ እርከን ሊሠራ ካሰበ፥ ሌላው መጥቶ «ይህ እርከን በእኔ ገንዘብ የተሠራ ነው» ሊል አይገባውም። ነገሩ በቃል ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን እጅግ የረቀቀ ነው። የታሪክ ጸሐፊ የሆነውን ነገር ለማረጋገጥ ምስክርና ሰነድ ሲፈልግ ይደክማል፤ የካርቦን መርማሪ ግን ያልሆነውን ነገር ያረጋግጥ ዘንድ ይጠየቃል። ያልተቆረጠውን ዛፍ ማን ሊቆርጠው እንደ ነበረ፥ ያልነደደውን ማገዶ ማን ሊያነደው እንደ ነበረ የሚመሰክር ሰነድ በየትኛው ግምጃ ቤት ይገኛል?

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ሥርዓት ማብዛት ነበር። የሥራው ባለቤት ዕቅዱን በተፈቀደ የአሠራር ስልት ይጽፋል፤ ከእርሱ ነጻ ነው የሚባል መርማሪ ድርጅት ዕቅዱን ከደንቡ ጋር አስተያይቶ ያጸድቃል፤ ሥራው ይመዘገባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርማሪ ተመልሶ መጥቶ የተገኘውን ውጤት ይለካል፤ ክሬዲቱም የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። የተጠቀመበት ሰው ዳግመኛ እንዳይሸጠው ወረቀቱ ከመዝገብ ይሰረዛል። ዛሬ በፈቃድ ገበያ ያሉት ደንቦች ሁሉ፥ በዝርዝራቸው ቢለያዩም፥ ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው።

ሥርዓት መብዛቱ ግን ብልጠትን አላገደም። ለማቀዝቀዣ የሚያገለግለው ኤች. ሲ. ኤፍ. ሲ. 22 የተባለው ኬሚካል ሲሠራ፥ ኤች. ኤፍ. ሲ. 23 የተባለ ትርፍ ጋዝ አብሮ ይወጣል። በንጹሕ ልማት ዘዴ ስሌት የዚህ ጋዝ አንዱ ቶን 11,700 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይቆጠር ነበር። ጋዙን ማቃጠል ርካሽ ነው፤ የሚያስገኘው ክሬዲት ግን ብዙ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ በቻይናና በሕንድ የሚገኙ ጥቂት ፋብሪካዎች ከዋናው ምርታቸው ይልቅ ጥራጊውን በማቃጠል ብዙ ሊያተርፉ የሚችሉ ሆኑ፤ ለማቃጠል ሲሉ አብዝተው ያመርታሉ የሚል ክስም ተነሣባቸው። የአውሮጳ ኅብረት እነዚህን ክሬዲቶች መቀበል ያቆመው በ2013 ነው። በወረቀቱ ላይ ስሌቱ ሁሉ የተሟላ ነበር።

የፈቃዱ ገበያ የራሱን ደንቦች ያወጣው በዚሁ ዘመን ነው። ምክንያቶቹ ብዙዎች ናቸው። አሜሪካ በ2001 ከኪዮቶ ውል መውጣቷን ስላስታወቀች፥ የዚያ አገር ኩባንያዎች ከሕግ ውጪ በፈቃዳቸው መገበያየት ጀመሩ። የንጹሕ ልማት ዘዴ የሚጠይቀው ወጪና ጊዜ ደግሞ አነስተኛ ለሆኑት የመንደር ሥራዎች የሚቻል አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ፥ የማራከሽ ደንብ አዲስ ደን መትከልን እንጂ ያለውን ደን ከመቆረጥ ማዳንን አልተቀበለም፤ የደን ባለቤቶች ሌላ በር መፈለጋቸው ስለዚህ ነው።

በሜክሲኮ በቺያፓስ ከአነስተኛ ገበሬዎች ጋር በ1990ዎቹ ዓመታት ከተጀመረው ሥራ ፕላን ቪቮ የተባለው ደንብ ወጣ። በ2003 የዓለም የዱር አራዊት ፈንድ ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆኖ ጎልድ ስታንዳርድ የተባለውን አቋቋመ። ለሕዝቡ ኑሮና ለአራዊቱ የሚሰጠውን ጥቅም የሚመዝነው የአየር ንብረት፣ የማኅበረሰብና የብዝኀ ሕይወት ደንብ በ2005 ወጣ። ከሁሉም ሰፊውን ገበያ የያዘው በነጋዴዎችና በኩባንያዎች ማኅበራት አሳቢነት በ2006 የወጣው ቪ. ሲ. ኤስ. ነው፤ የሚያስተዳድረው ድርጅት ከ2018 ጀምሮ ቬራ ይባላል። በ2003 የተከፈተው የቺካጎ የአየር ንብረት ገበያ ግን አልሰነበተም፤ በ2010 መጨረሻ ሲዘጋ የአንዱ ቶን ዋጋ ወደ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዶ ነበር። ሸቀጡ በገፍ ሲወጣና ሚዛኑ ሳይታመን ሲቀር ዋጋው ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ከዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ፤ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው በወላይታ ምድር ነውና።

ሁምቦ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። የሁምቦ ተራራ ደን በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ፥ የቀረውን ቁጥቋጦ ከሰል አክሳዩና ማገዶ ለቃሚው፣ የከብቱም መንጋ ሲፈራረቁበት ኖሩ። ዝናም በጣለ ቁጥር ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ጭቃና ድንጋይ ይዞ ወደ ማሳው ይገባ ነበር። ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከ2004 ጀምሮ ከነዋሪዎቹ ጋር ሲመክር ያቀረበው ሐሳብ በአብዛኛው ችግኝ ማፍላት አልነበረም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር በመሬት ውስጥ ገና ሕያው ስለ ነበረ፥ ተራራውን ከከብትና ከምሳር ከልክሎ፣ ከየጉቶው ከሚያቆጠቁጠው ቡቃያ ደህና ደህናውን መርጦ፣ ሌላውን ገርዞ ማሳደግ ነው። በዚህ ዓይነት 2,728 ሄክታር መሬት እንዲያገግም ታሰበ።

ሕዝቡ ግን በመጀመሪያ ተጠራጠረ። ተራራውን የሚከለክሉን መሬታችንን ሊወስዱ ነው የሚለው ሥጋት ቀላል አልነበረም፤ ባለፉት ዘመናት የደረሰውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ሥጋት ከንቱ ሊለው አይችልም። ጉዳዩ የተቃናው ሰባት የደን ልማትና ጥበቃ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት በሕግ ሲሰጣቸው ነው። እንደ እኔ አስተያየት የሁምቦን ሥራ ከብዙዎች የለየው የስሌቱ ጥራት ሳይሆን ይህ የመብት ጉዳይ ነው። መሬቱ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ የሚሸጥ ካርቦን፥ ባለቤቱ ሳያውቅ ከበረቱ ወጥቶ ለገበያ የሚቀርብ በሬን ይመስላል።

ሥራው በታኅሣሥ 2009 በንጹሕ ልማት ዘዴ ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዚህ ዘዴ ከተመዘገቡት ሰፋፊ የደን ሥራዎችም የመጀመሪያው ሆነ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይስባል ተብሎ ተገመተ፤ በሄክታር በየዓመቱ ወደ 11 ቶን ገደማ መሆኑ ነው። ከዚህም ውስጥ 165,000 ቶን የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ፤ ከሽያጩ ማኅበራቱ ቢያንስ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ700,000 ዶላር የሚበልጥ ገቢ እንዲያገኙ ታስቦ ነበር። ከተገኘው ገንዘብም የእህል ማከማቻና ወፍጮ ተሠራ። ሣሩ እየታጨደ ለከብት መኖና ለቤት ክዳን ዋለ፤ ጎርፉም ቀነሰ።

ይሁን እንጂ የተሰጣቸው ክሬዲት ጊዜያዊ የሚባለው ዓይነት ነበር። ደን ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ይችላልና፥ የንጹሕ ልማት ዘዴ ከደን የሚገኘውን ክሬዲት ቀን ቆረጠለት፤ ቀኑ ሲደርስ ገዢው በሌላ እንዲተካው ግዴታ ነበረበት። የአውሮጳ ኅብረት ገበያም ይህን ዓይነቱን ክሬዲት ጨርሶ አልተቀበለም። ሃያ ዓመት ለምቶ የቆየን ዛፍ ገበያው እንደ ብድር ዕቃ ስለ ቆጠረው ዋጋው አነሰ። ይህን ችግር የፈቃዱ ገበያ ደንቦች በሌላ መንገድ ፈቱት። እያንዳንዱ የደን ሥራ ከሚያገኘው ክሬዲት ከፊሉን እንደ እድር መዋጮ በጋራ ቋት ያስቀምጣል፤ ከአባሎቹ የአንዱ ደን ቢቃጠል ጉድለቱ ከቋቱ ይሞላል። ይህ ዘዴ ለደን ሥራ ይበልጥ የተመቸ መሆኑ አያከራክርም፤ ቋቱ የድርቅና የእሳት ዘመን ሲመጣ ይበቃል ወይ የሚለው ግን ዛሬም የሚያነጋግር ነው። በሁምቦ አጠገብ በሶዶ የተደረገው ተመሳሳይ ሥራ በጎልድ ስታንዳርድ መዝገብ ገብቷል። በባሌ ደግሞ የሐረና ደን የሚገኝበትን ሰፊ አገር የያዘው፥ ያለውን ደን ከመመንጠር ለማዳን የታሰበው ሥራ በቪ. ሲ. ኤስ. ደንብ ተመዝግቧል።

እንግዲህ ከባድ ወደ ሆነው ጉዳይ ደረስን። አዲስ ደን በበቀለበት ቦታ መርማሪው ቢያንስ ግንዱን በሜትር ሊለካው ይችላል። ያለውን ደን አድነናል በሚባልበት ቦታ ግን ሚዛኑ ሁሉ የሚቆመው በመነሻው ግምት ላይ ነው። «እኛ ባንኖር ኖሮ ይህ ደን በአሥር ዓመት ውስጥ ያልቅ ነበር» ብሎ የሚጽፈው የሥራው ባለቤት ነው። ጥፋቱን ባበዛው ቁጥር ያዳነው ይበዛለታል፤ ያዳነው በበዛ ቁጥር የሚሸጠው ይበዛለታል። የሚመረምረውን ድርጅት መርጦ ዋጋውን የሚከፍለውም ይኸው ባለቤት ነው። በአገራችን ልማድ ዳኛ ከአንዱ ተሟጋች እጅ መንሻ ተቀበለ ማለት ፍርዱ ምንም ያህል የቀና ቢሆን በሌላው ዘንድ እንዳይታመን ይበቃል። እዚህ ግን ክፍያው የተደበቀ ጉቦ ሳይሆን በደንቡ የተጻፈ አሠራር ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን በመርማሪዎቹ ጠባይ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ይህ አሠራር ያመጣው ውጤት በ2023 በይፋ ታየ። ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት፥ በስድስት አገሮች የሚገኙ 26 የደን ማዳን ሥራዎችን ተመሳሳይ ከሆኑ፥ ነገር ግን ሥራው ካልደረሰባቸው ደኖች ጋር አስተያየ። አብዛኞቹ ሥራዎች ምንጣሮውን ይህ ነው በሚባል መጠን እንዳልቀነሱ፥ የቀነሱትም ከተናገሩት እጅግ ያነሰ መሆኑን አገኘ። ከሥራዎቹ ሊገኝ ይችላል ከተባለው 89 ሚሊዮን ክሬዲት ውስጥ ከእውነተኛ የካርቦን ቅነሳ ጋር የሚዛመደው 5.4 ሚሊዮኑ ብቻ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ተመሳሳይ ክስ አቅርቦ ነበር። ቬራ የጥናቶቹን ስሌት ተቃወመ፤ ክርክሩም በባለሙያዎች መካከል ቀጠለ። የክርክሩ መጨረሻ ምንም ቢሆን፥ የገዢዎች እምነት መናወጡ አልቀረም። በቅንነት የሠራው ማኅበርም ከሐሰተኛው ጋር በአንድ ገበያ ተሰልፎ ዋጋው ወረደበት። የዚህን ክስረት የተሸከመው ግምቱን የጻፈው አማካሪ ሳይሆን ከብቱን ከግጦሽ ከልክሎ ደኑን ሲጠብቅ የኖረው የደን ዳር ነዋሪ መሆኑ የነገሩ መራራ ክፍል ነው።

በእነዚህ ዓመታት የተደረጉት ለውጦች ቀላል አይደሉም። በ2021 በግላስጎ የተደረገው ጉባኤ በመንግሥታት መካከል የሚዘዋወር ክሬዲት በሻጩም በገዢውም አገር መዝገብ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ደንገገ፤ መንግሥት ፈቅዶ የሸጠውን ቶን ከራሱ ሒሳብ መቀነስ አለበት። ለመላው የፈቃድ ገበያ የበላይ መመዘኛ እንዲያወጣ የተቋቋመው ምክር ቤት በ2023 ዋና ዋና መርሖቹን አወጣ፤ በ2024ም በሥራ ላይ የነበሩት የታዳሽ ኀይል ስልቶች ተጨማሪነታቸው አላጠገበውምና ሳይቀበላቸው ቀረ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ቬራ በኅዳር 2023 ያወጣው አዲስ ስልት ነው። በዚህ ስልት የምንጣሮውን መነሻ የሚጽፈው የሥራው ባለቤት መሆኑ ቀርቷል፤ ግምቱ ከመላው አገር ወይም ክፍለ አገር መረጃ ተሰልቶ ለየሥራው ይከፋፈላል።

ይህ ለውጥ የአገሮችን የደን መዝገብ እስከ ዛሬ ከነበረው የበለጠ ዋጋ ይሰጠዋል። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጅዋን አይደለችም። በ2015 የደንን ትርጓሜ አሻሽላ፥ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና ሃያ በመቶ የቅርንጫፍ ጥላ ያለውን መሬት ደን አለችው፤ በዚህም በቀድሞው ትርጓሜ ከደን ቁጥር ውጪ የነበረ ብዙ የቆላ ጫካ ተቆጠረ። በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችው የመነሻ ሰነድ ከ2000 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ያህል ደን እንደ ጠፋ፥ 19,000 ሄክታር ያህል ደግሞ እንደ ተተካ አስታወቀ። እነዚህ ቁጥሮች የሚያስደስቱ አይደሉም። ነገር ግን ከሳተላይት ሥዕልና ከምድር ልኬት የተገኙ፥ ማንም ባለሙያ ወስዶ ሊመረምራቸው የሚችል፥ ደኑን ለመሸጥ የቸኮለ ሰው ያልጻፋቸው ቁጥሮች ናቸው።

እንደዚህ ያለው ልኬት በየዘመኑ መታደስ አለበት፤ የ2013ቱ ምንጣሮ የዛሬውን አይናገርምና። በየወረዳው ደን ውስጥ እየገባ የግንዱን ውፍረት በሜትር የሚለካ፥ የዛፉን ዓይነት በስሙ ለይቶ የሚመዘግብ ሠራተኛ ያስፈልጋል። እርሱ ያልለካውን ሌላው ከሩቅ ይገምትለታል፤ የሩቁ ገማች ማን እንደሆነና ደመወዙን ከማን እንደሚቀበልም ከዚህ በላይ አይተናል።